ሦስት ዓመት ከሁለት ወር

ሥራ ካጣሁ በስምንተኛው ወር አንድ ማስታወቂያ አየሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። የተጠየቀውን ሁሉ አሟላለሁ፤ የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። እኔ ያለኝ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ነው።

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ ደወለልኝ። የአንድ ዘመዱ ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ማህተሙ ግን አለ። በማግስቱ በዚያ ማህተም የተመታ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አዝኖልኝ ነው። «ሥራውን እንደሆነ ትችይዋለሽ፤ የጎደለሽ ወረቀት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያስቸገረኝም እውነት መሆኑ ነው።

ደብዳቤው ሁለት ዓመት እዚያ እንደሠራሁ ይመሰክራል። መጨረሻው ላይ «በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል» የሚል አለበት። ሳቄ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ጠፋ።

ጀግና ሆኜ ወዲያው አልቀደድኩትም። አራት ቀን ፋይሌ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ማታ ማታ እያወጣሁ አየዋለሁ። ጸሎቴም ተበላሸ። «ጌታ ሆይ፣ በር ክፈትልኝ» ብዬ ስጀምር ዓይኔ ወደ ፋይሉ ይሄዳል። አንድ ማታማ «የጸሎቴ መልስ ይሄው ይሆን እንዴ?» ብዬ አሰብኩ። ሰው ሲቸግረው የማይፈታው ሕልም የለም።

በዚያው ሰሞን የንጉሥ ሳኦልን ታሪክ አነበብኩ፤ 1ኛ ሳሙኤል 13። ድሮ ሳነበው ሳኦል ችኩል ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰባት ቀን ጠብቋል! ነቢዩ ሳሙኤል መጥቶ መሥዋዕት ሊያቀርብ የቀጠረው ሰባት ቀን ነው፤ ሰባቱንም ጠበቀ። ፍልስጥኤማውያን ለጦርነት ተሰብስበዋል። የራሱ ሰዎች በፍርሃት እየተበተኑ ነው፤ በኋላ ሲቆጥራቸው 600 ያህል ናቸው የቀሩት። እኔ ብሆን ሦስተኛውን ቀን አላልፍም ነበር። ሳሙኤል ሲቀርበት ግን የሳሙኤልን ድርሻ ወስዶ መሥዋዕቱን ራሱ አቀረበ። ገና ከመጨረሱ ሳሙኤል ደረሰ። «ምን አደረግህ?» ሲባል የሰጠው ምክንያት ልቤን ነካው። ሕዝቡ ተበተነ፤ አንተም በቀጠሮህ አልመጣህም፤ ጠላት ተሰብስቧል። አንዱም ውሸት አይደለም።

የእኔንም ምክንያቶች ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። የቤት ኪራይ፣ ብድር፣ ስምንት ወር። እነሱም ውሸት አልነበሩም።

«ታምነሽ ከቆየሽ እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ይክስሻል» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። በፍቅር ነው ያሉት፤ ግን አልተዋጠልኝም። አብርሃም በረሃብ ዘመን ግብፅ ወርዶ ሚስቱን «እኅቴ ናት» ሲል፣ ፈርዖን በጎችና ግመሎች ሰጥቶታል። ከዚያ የወጣው ሀብታም ሆኖ ነው። በዳንኤል 3 ያሉት ሦስቱ ሰዎች ደግሞ ንጉሡ ላቆመው ምስል ስገዱ ሲባሉ «አምላካችን ባያድነንም አንሰግድም» ብለው እሳት ውስጥ ተጣሉ። እንደሚወጡ ዋስትና አልያዙም። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ትርፍና ኪሳራ ማስላት ይቀናኛል። ይሄኛው ግን በዚያ መንገድ አልሰላ አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ደብዳቤውን ለባልደረባዬ መለስኩ። ያለኝን ማስረጃ ብቻ ይዤ አመለከትኩ።

ባሌ አላመሰገነኝም። «ቢያንስ ብታማክሪኝ ምን ነበረበት?» አለ። ሁለት ቀን በደንብ አላወራንም። አልፈርድበትም፤ ሰው ፊት ቆሞ ብድር የሚጠይቀው እሱ ነበር። እኔም ቢሆን ሌሊት ላይ ብዙ ጊዜ ተጸጽቻለሁ። እምነት አለኝ ስል እንቅልፍ አለኝ ማለቴ አይደለም።

ማስታወቂያውን ያወጡት ሰዎች አልደወሉም።

ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ለጊዜያዊ ሥራ ተጠራሁ። ደመወዙ ከድሮው ያንሳል። ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስንት ዓመት ልምድ አለዎት?» አለኝ።

«ሦስት ዓመት ከሁለት ወር።»

ጻፈውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።