ስሙን ስንቆልፈው ፍለጋው ቆመ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሠራነው ሶፍትዌር አለ። ሰርቨሩ ክላውድ ላይ ነው፤ ገንዘብ ያዦቹ በብራውዘር ገብተው ይሠራሉ። የአባላቱን ስም፣ ስልክና የፋይዳ ቁጥር ዳታቤዙ ውስጥ ኢንክሪፕት ያደረግነው (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የቆለፍነው) የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ነው። አምኜበት ነው የሠራሁት፤ አሁንም አምንበታለሁ። የገበሬ ስምና ብድር ማንም እጅ መግባት የለበትም።

በቆለፍነው ማግስት ገበያ ነበር። ቢሮው ሄጄ ቆሜ አየሁ። ከአማኑኤል የመጡ አንዲት እናት ደብተራቸውን ሳይዙ መጥተዋል። ገንዘብ ያዧ «ስምዎን ማን ልበል፣ እማማ?» ብላ ጻፈችና ጠበቀች። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ አሁንም ዞረች። ሰልፉ በሩ ደርሷል። እናትየው አንገታቸውን በመስኮቱ አስግገው «ምነው ልጄ፣ ስሜ የለም እንዴ?» አሏት። ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ፍርሃት እስካሁን አልረሳሁትም።

እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን «ኢንክሪፕሽን ሲባል ከባድ ነዋ» ብለን እንገላገላለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የምንቆልፍበት ዘዴ፣ ኤኢኤስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የታወቀ ደረጃ ነው፤ ኢንቴልም ከ2010 ጀምሮ ለዚሁ ብቻ የሚያገለግሉ ትእዛዞችን ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገብቷል። አንድ ስም ለመፍታት የሚፈጀው ጊዜ ከጎጃም ሰርቨሩ ድረስ ደርሶ ለመመለስ ከሚፈጀው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ያቃጠለን ኢንዴክሱ ነው። ዳታቤዝ ስም ቶሎ የሚያገኘው ኢንዴክሱ ላይ፣ ማለትም መፈለጊያ ማውጫው ላይ፣ በቅደም ተከተል ስለያዘው ነው። በየጊዜው በተለያየ የዘፈቀደ ቁጥር ስትቆልፈው ግን ሁለት «አለሙ» ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮች ይሆናሉ፤ ዳታቤዙ ምኑን ከምን ያመሳክር? ስለዚህ ፕሮግራማችን የአባላቱን ስም በሙሉ ጎትቶ አውጥቶ፣ አንድ በአንድ እየፈታ፣ የአንዲትን እናት ስም ይፈልግ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነበር፤ አንድ ረድፍ ባነበበ ቁጥር ቁልፉን ከክላውዱ የቁልፍ አገልግሎት እንደ አዲስ ይጠይቃል። ይኼኛው ቀላል ነበር። ቁልፉን አንዴ አምጥተን ለጥቂት ደቂቃ ሜሞሪ ላይ እንዲቆይ አደረግን፣ አለቀ።

መጠኑም ያድጋል። «አለሙ» ሦስት ፊደል ነው፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ (ዩቲኤፍ-8) 3 ባይት ስለሚይዝ 9 ባይት ይሆናል። በጂሲኤም፣ ማለትም እኛ በምንጠቀምበት የኤኢኤስ አሠራር፣ ስትቆልፈው የ12 ባይት መነሻ ቁጥርና የ16 ባይት ማረጋገጫ ይጨመርበታል፤ ባይቱን ወደ ተራ ፊደላት በሚቀይረው በቤዝ 64 ሲጻፍ 52 ፊደል ይደርሳል።

ለፍለጋው ከተቆለፈው ስም ጎን ሌላ ፊልድ ጨመርን፤ በሌላ ሚስጥራዊ ቁልፍ የተሠራ የስሙ ኤችማክ ነው፤ ለአንድ ስም ሁሌ አንድ ዓይነት የሚወጣ፣ ወደ ስሙ ግን የማይመለስ አሻራ ማለት ነው። ኢንዴክሱ እሱ ላይ ነው። እዚህ ጋ ተራ ሃሽ፣ ማለትም ቁልፍ የሌለው አሻራ፣ ይበቃል የምትሉ ተጠንቀቁ። በ09 የሚጀምር ስልክ የሚቀረው 8 አሃዝ ነው፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አማራጭ፤ ተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ሞክሮ ይጨርሰዋል።

ከሁሉ የለፋሁበት ግን ፊደሉ ነው። አንዱ ፀሐይ ይላል፣ ሌላው ጸሀይ። ዓለሙም አለሙም አለ። በኤችማክ አንድ ፊደል ከተለየ ሁሉም ይለያል፣ «ይመሳሰላል» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ኤችማኩ ከመሠራቱ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እስከ ሰባተኛው ፊደላቸው የሚመልስ፣ ከዚያም ኣን አ፣ ሃንም ሀ የሚያደርግ አንድ ፈንክሽን ጻፍኩ። ይኼን የትኛውም የፈረንጅ መመሪያ አይነግራችሁም።

የቀረብንም አለ። «አለ» ብሎ ጀምሮ ዝርዝር ማውጣት አይቻልም፤ በስም ቅደም ተከተል መደርደርም ዳታቤዙ ላይ ቀርቷል። የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2016ም ኦልዌይስ ኢንክሪፕትድ በሚባለው የፊልድ መቆለፊያው ያመጣው ይኼንኑ ምርጫ ነው፤ ሁሌ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተቆለፈ እኩልነት ይፈተሻል፣ በዘፈቀደ ከተቆለፈ እሱም የለም። አንድ ዓይነት መሆኑ ደግሞ ያጋልጣል፤ ዳታቤዙን የሰረቀ ሰው የትኛው ስም እንደሚደጋገም ያያል። የእኛ ኤችማክም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው የራስን ስም ለብቻው ሳይሆን ከአባት ስም ጋር ኢንዴክስ ያደረግነው። የብድሩን ቀሪ ሂሳብ ጨርሶ በፊልድ ደረጃ አልቆለፍነውም፤ በየማታው መደመር አለበት፣ የዲስኩ ኢንክሪፕሽን ይጠብቀው።

አሁን ገንዘብ ያዧ «ስምዎ ከነአባትዎ፣ እማማ?» ብላ ነው የምትጠይቀው።