የጠፈር ሳንቲሞች ስብስቤ እስካሁን የት ደረሰ

ሰላም ወገኖች። የጠፈር ጉዞን የሚዘክሩ ሳንቲሞችን ለይቼ መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ስብስቡ አሁን መልክ እየያዘ ስለመጣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሳንቲሞቹም ላይ ያለው እሱ ነው።

ወደዚህ ዘርፍ የሚገባ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገር መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። ሮኬት አምጥቃ የማታውቅ አገር ሳትቀር የጠፈር ሳንቲም አላት። ማርሻል ደሴቶችን ውሰዱ፦ በ1988 የዲስከቨሪን መንኮራኩር መምጠቅ የሚዘክር ባለ 5 ዶላር ሳንቲም አወጣች፤ በዓመቱ ደግሞ ሰው ጨረቃ ላይ የረገጠበትን 20ኛ ዓመት የሚዘክር አስከተለች። የአገሪቱ ሰው ገበያ የሚወጣው ግን የአሜሪካ ዶላር ይዞ ነው። እንዲህ ያለው ሳንቲም ከማተሚያው በቀጥታ ሰብሳቢ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ አንድም ቀን ሻይ ተገዝቶበት አያውቅም። አያምርም አልልም። እኔ ግን የሚማርከኝ በሰው እጅ ያለፈ ገንዘብ ስለሆነ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፦ ቅድሚያ የምሰጠው ሰው ከኪሱ አውጥቶ ሊገበያይበት ይችል ለነበረ ሳንቲም ነው። ደንቡን የጣስኩት ለአንድ ሳንቲም ስል ነው፤ እሱን ወደ በኋላ አነሳዋለሁ።

የስብስቡ ምሰሶ የአይዘንሃወር ዶላር ነው፤ አሜሪካኖቹ ሰብሳቢዎች «አይክ» ይሉታል። ከ1971 እስከ 1978 የታተመ፣ ስፋቱ 38.1 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 22.68 ግራም የሆነ ትልቅ ሳንቲም ነው። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረውን ጠገራ ብር በእጁ የያዘ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ አይክ ከማርትሬዛ ትንሽ ያንሳል፣ ክብደቱም ቀለል ይላል፣ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ግን ያው ግርማ አለው። እኔ ሜሪላንድ ስለምኖር ባንክ ስገባ ገንዘብ ከፋዮቹን «ትልልቆቹ ዶላሮች አሉ ወይ?» ብዬ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል። አንዳንዴ መሳቢያቸው ውስጥ ተረስቶ የቆየ ይገኛል፤ በዚያው በአንድ ዶላር ይሰጡኛል።

ፊት ለፊት ያሉት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ናቸው። ናሳን ያቋቋመውን ሕግ በ1958 የፈረሙት እሳቸው ሲሆኑ ያረፉት በመጋቢት 1969፣ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ከመድረሱ አራት ወር ገደማ ቀድመው ነው። ጀርባው ላይ ያለው የአፖሎ 11 ዓርማ ነው። ዓርማውን ያሰበው ማይክል ኮሊንስ ነው፤ አርምስትሮንግና አልድሪን ጨረቃ ላይ ሲወርዱ ዋናዋን መንኮራኩር ይዞ ሲዞር የቆየው ሦስተኛው ሰው። ወደ ጨረቃ የወረደችው መንኮራኩር ስሟ «ንስር» ስለነበር ዓርማው ላይም ንስር ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ይታያል። የወይራ ቅርንጫፉ መጀመሪያ የተሳለው በመንቁሩ ነበር። ጥፍሮቹ ተዘርግተው ባዷቸውን ሲታዩ ግን ሊቦጭቅ የመጣ አስመሰሉት፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ ወደ ጥፍሮቹ ወረደ። የሳንቲም ማተሚያው ዋና ቀራጭ ፍራንክ ጋስፓሮ ይህን ወደ ብረት ሲያዛውር ምድርን ከንስሩ በላይ አስቀመጣት። በማጉያ መነጽር ብታዩት ሰሜን አሜሪካ ተለይታ ትታያለች።

ያችኑ ምድር ነው እንግዲህ ሰብሳቢዎች አፍጥጠው የሚመረምሩት። በ1972 ፊላደልፊያ ላይ ከታተሙት መካከል የምድሯ ቅርጽ የተለያየ ሦስት ዓይነት አለ፤ ሁለተኛው ዓይነት ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ዋጋው ይለያል። አንደኛው ዓይነት ላይ ምድሯ በግራ በላይ በኩል ጠፍጠፍ ያለች ናት፤ ሁለተኛው ላይ ክብ ትሆናለች፤ ከፍሎሪዳ በታች ያሉት ደሴቶችም አይለዩም። እኔ ጋ ያሉት የ1972ቶቹ ሁሉ ተራዎቹ ናቸው። ፍለጋው ግን ሱስ ነው።

አይክ ከገዛችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ተራው ከላይና ከታች የመዳብና የኒኬል ቅልቅል፣ መሐሉ ንጹሕ መዳብ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አለው። ለሰብሳቢ ተብሎ የታተመው 40 በመቶ ብር ያለው ደግሞ ያ ደማቅ መዳብማ መስመር የለውም፤ ክብደቱም 24.59 ግራም ነው። የኩሽና ሚዛን ሁለቱን ይለያል። ሻጭ «ብር ነው» ስላለ ብቻ ማመን አያስፈልግም።

የ1976ቱን እትም እንዳትዘሉት። የአሜሪካን የነጻነት 200ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በተካሄደ ውድድር አሸንፎ ጀርባውን የነደፈው ዴኒስ ዊሊያምስ የሚባል የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበር፤ የነጻነት ደወሉን ጨረቃ ላይ ደርቦ አስቀመጠው። ከፊት ያለው ዓመት 1776-1976 ነው። በ1975 የታተሙትም ይህንኑ ጽሑፍ ይዘው ስለወጡ 1975 የሚል አይክ የሚባል ነገር የለም። አለኝ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሰላም ብላችሁ እለፉ።

በ1979 አይክን የተካው ትንሹ የሱዛን አንተኒ ዶላር ጀርባው ላይ ያው የጨረቃ ንስር አለ። ለሴቶች የመምረጥ መብት ዕድሜዋን ሙሉ የታገለች ሴት ከፊት፣ የጨረቃ ማረፊያ ከኋላ። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ብፈልግ አጣሁ። መልኩም መጠኑም ለሩብ ዶላር ስለቀረበ ሰው እያምታታው ተቸገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ።

አሁን ወደ ሩብሎቹ ልለፍ፤ ከስብስቤ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተልከው የተማሩ ሰዎች በመካከላችን ብዙ ናቸው፤ ሲመለሱ ሻንጣቸው ጥግ ላይ ሳንቲም ቀርቶ የመጣላቸውም አይጠፉም። የጓደኛዬ አባት ስለ ስብስቤ ሲሰሙ አንድ የጋጋሪን ሩብል አምጥተው ሰጡኝ። «አባባ፣ ይሄ እኮ የመታሰቢያ ሳንቲም ነው» ብላቸው «ምን መታሰቢያ ትለኛለህ ልጄ፣ እኛ ምሳ እንበላበት ነበር» አሉኝ። የሶቪየት የመታሰቢያ ሩብል ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሱቅ ውስጥ እንደማንኛውም ሩብል ይሠራ ነበር። የጋጋሪኑ በ1981 የወጣው የመጀመሪያውን የሰው ልጅ የጠፈር በረራ 20ኛ ዓመት ለመዘከር ነው፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1961 የተደረገው ያ በረራ 108 ደቂቃ ነበር የፈጀው። ብዛቱ 4 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ ዛሬም በርካሽ ይገኛል። ስፋቱ 31 ሚሊሜትር ነው፤ ከመዳብና ኒኬል ቅልቅል ስለተሠራ ማግኔት አይስበውም። ማግኔት ላይ ከተለጠፈ አስመስሎ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ልብ የምትሉት ነገር አለ። ሶቪየቶች በ1988 የቀደሙትን የመታሰቢያ ሩብሎች ለሰብሳቢዎች እንደገና አትመዋል፤ በገበያው ቋንቋ ኖቮደል ይባላሉ። ፊቱና ጀርባው አንድ ነው። ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ነው፦ 1988 የሚል ቁጥርና የሩሲያኛው የ«ን» ፊደል ተጽፎበታል። ሻጭ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ብቻ ከላከላችሁ የጠርዙን ጠይቁት።

ከጋጋሪን ቀጥሎ የቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ሩብል አለ፤ በ1983 ነው የወጣው፣ 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የጠፈር ተጓዥ ቴሬሽኮቫ በቮስቶክ 6 መንኮራኩር የተነሳችው ሰኔ 16 ቀን 1963 ሲሆን ምድርን 48 ጊዜ ዞራ በሦስተኛው ቀን ተመልሳለች። ይህን ሩብል ከጎኑ ካለው ከሌላ ሳንቲም ጋር አጣምሬ ነው የማስቀምጠው፦ ከ2022ቱ የሳሊ ራይድ ኳርተር (ሩብ ዶላር) ጋር። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሳሊ ራይድ በቻሌንጀር ተሳፍራ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት የጠፈር ተጓዥ የሆነችው ሰኔ 18 ቀን 1983 ነው። የቴሬሽኮቫ 20ኛ ዓመት በሞላ በሁለተኛው ቀን፣ ሩብሉ በወጣበት ዓመት ማለት ነው። ሁለቱን ሳንቲሞች ጎን ለጎን ሳያቸው የጠፈር እሽቅድምድሙ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሌላም ልዩነት አለ። ሶቪየቶች ቴሬሽኮቫን ገንዘብ ላይ ያወጧት በሕይወት እያለች ነው። ሴቶችን የሚዘክሩት የአሜሪካ ኳርተሮች የወጡበት ሕግ ግን በሕይወት ያለ ሰው ምስል እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ሳሊ ራይድ ያረፈችው በ2012 ነው። ኳርተሩ ላይ በመንኮራኩሯ መስኮት አጠገብ ሆና ትታያለች፤ ከበስተኋላዋ ምድር አለች።

አሜሪካ ለምትኖሩ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ መጀመር ይቻላል። የሳሊ ራይዱን ጨምሮ ሦስት ኳርተሮች በመልስ ውስጥ ይመጣሉ። የ2002ቱ የኦሃዮ ኳርተር የራይት ወንድማማቾችን አውሮፕላንና አንድ ጠፈርተኛ ይዟል፤ አርምስትሮንግም ጆን ግሌንም የኦሃዮ ልጆች ናቸው። የ2004ቱ የፍሎሪዳ ኳርተር ደግሞ በአንድ በኩል የድሮ የስፔን መርከብ፣ በሌላ በኩል የጠፈር መንኮራኩር አለው። የኦሃዮው ከ600 ሚሊዮን በላይ ስለታተመ ልብስ ማጠቢያ ቤት ኳርተር የምታጠራቅሙ ሁሉ ሳታውቁት ይዛችሁት ይሆናል። ፓርኪንግ ላይ የምትሠሩማ ከኔ የተሻለ ዕድል አላችሁ።

ደንቡን ያስጣሰኝ ሳንቲም የ2019ኙ የአፖሎ 11 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ለገበያ የወጣ አይደለም፤ ለሰብሳቢ ብቻ የተሸጠ ነው። ግን ጎባጣ ነው! አንዱ ፊት ወደ ውስጥ ሰርጎ፣ ሌላው ወደ ውጭ አብጦ የተሠራ። ወደ ውስጥ የሰረገው በኩል ጨረቃ ላይ የቀረው የጫማ አሻራ ነው፤ ዙሪያውን ሜርኩሪ፣ ጀሚኒ፣ አፖሎ የሚሉት የሦስቱ መርሐ ግብሮች ስሞች በጨረቃ መልኮች ተለያይተው ተጽፈዋል። ጋሪ ኩፐር የተባለ አርቲስት በውድድር አሸንፎ የነደፈው ነው። ያበጠው በኩል በፊቢ ሄምፕሂል የተዘጋጀ ሲሆን የበዝ አልድሪንን የራስ ቁር መስታወት ያሳያል፤ እብጠቱ ራሱ መስታወቱን ሆኖ ያገለግላል። ሥዕሉ የተወሰደው አርምስትሮንግ አልድሪንን ካነሳው ታዋቂ ፎቶ ነው። ካሜራውን በአብዛኛው የያዘው አርምስትሮንግ ስለነበር የራሱ ፎቶ ጨረቃ ላይ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በ50ኛ ዓመቱ ሳንቲም ላይ ጨረቃን ቀድሞ የረገጠው ሰው የሚታየው በጓደኛው መስታወት ውስጥ እንደ ነጸብራቅ፣ ከባንዲራውና ከማረፊያዋ መንኮራኩር ጋር፣ በማጉያ መነጽር ተፈልጎ ነው። ለዚህ ስል ደንብ ብጥስ አልጸጸትም።

ሳንቲሙ በወርቅ፣ በብር፣ እንዲሁም በተራ ብረት ወጥቷል፤ 5 አውንስ የሚመዝን፣ 3 ኢንች ስፋት ያለው የብር ሳንቲምም አለ። እኔ የገዛሁት ርካሹን፣ ባለ ግማሽ ዶላሩን ነው። ምስሉ በሁሉም ላይ አንድ ስለሆነ ለትልቁ የምከፍልበት ምክንያት አልታየኝም። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ በሕግ የተወሰነ ጭማሪ ነበረበት፤ ከግማሽ ዶላሩ 5 ዶላር፣ ከወርቁ 35 ዶላር። ገንዘቡ ለስሚዝሶኒያን የአየርና ጠፈር ሙዚየም የጨረቃ ኤግዚቢሽን፣ ለጠፈርተኞች መታሰቢያና ለነጻ ትምህርት ዕድል የታሰበ ነው።

በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት የሚሸጡትን ቀለም የተቀቡ፣ «በወርቅ የተለበጡ» የጠፈር ሳንቲሞች አልነካም፤ እናንተንም እመክራለሁ። አብዛኞቹ ከማተሚያው ከወጡ በኋላ ሌላ ሰው ቀለም የቀባቸው ተራ ሳንቲሞች ናቸው። ሰብሳቢ ዘንድ ቀለሙ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሕጋዊ ባለ ቀለም ከፈለጋችሁ የኦስትሪያን ባለ 25 ዩሮ ሳንቲሞች ተመልከቱ፤ የ2006ቱ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሥርዓትን የሚዘክር ነው። ዙሪያው ብር፣ መሐሉ ኒዮቢየም የተባለ ብረት ነው። ቀለሙ ቅብ አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ብረቱ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠርና የሽፋኑ ውፍረት የብርሃኑን ቀለም ይወስናል። እኔ የለኝም፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው።

ስለ አያያዝ በአጭሩ፦ ሳንቲም በጠርዙ ይያዛል፣ አይታሸም፣ በጥርስ ሳሙናም በሎሚም አይታጠብም። የቆሸሸ ሳንቲም ከተፈገፈገ ሳንቲም ይሻላል። ለስላሳ የሆኑትን የፒቪሲ ፕላስቲክ ኪሶች ተዉአቸው፤ ከጊዜ በኋላ ፕላስቲኩ ይበላሽና ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። የማይላር ኪስ ዋጋው ብዙም አይለይም።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። በጨረቃ ሳንቲም ነገር እኛም ሩቅ አይደለንም። ከንጉሥ ኤንዱቢስ ጀምሮ የወጡት የአክሱም ሳንቲሞች ከንጉሡ ራስ በላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበራቸው፤ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በመስቀል ተተካ። በስብስቤ ደንብ መሠረት የጠፈር ሳንቲም አይባሉም፤ ቢባሉም አቅም የለኝም።

ቀጥሎ የምፈልገው የካዛክስታንን ባለ 50 ተንጌ ሳንቲሞች ነው። ሮኬቶች የሚመጥቁበት ባይኮኑር ያለው እነሱ ምድር ላይ ስለሆነ በጠፈር ላይ ተከታታይ አውጥተዋል፤ ሉኖኮድ 1 የተባለው የጨረቃ ተሽከርካሪ፣ ጋጋሪን፣ ሚር የጠፈር ጣቢያ እያሉ። ከ2020ው የሜሪላንድ የሃብል ቴሌስኮፕ ዶላርም አንድ ለማግኘት አስባለሁ፤ የምኖርበት ስቴት ሳንቲም ከስብስቤ መቅረት የለበትም። ለመለዋወጥ የምትፈልጉ ካላችሁ ትርፍ የኦሃዮና የፍሎሪዳ ኳርተሮች፣ እንዲሁም ሁለት የ1976 አይኮች አሉኝ። ለሩብል ከሆነ የጠርዙን ፎቶ አብራችሁ ላኩልኝ።