የትኛው ዘጠኝ?

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ካፌዎች የሽጉጥ ወሬ ሲነሣ ጥያቄና መልሱ አይለወጥም። «ጋሼ፣ የእርስዎ ስንት ነው?» «ዘጠኝ ሚሊ።» «ስንት ጎራሽ?» «ስምንት።» ጠያቂው እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ወሬውም ወደ ዋጋ ይሻገራል። በእነዚህ ሁለት መልሶች ግን ሰውየው የያዙት የሶቪየቱ ማካሮቭ ይሁን የጀርመኑ ዋልተር ፒ 38 አይታወቅም። ሁለቱም ዘጠኝ ናቸው፣ የሁለቱም ካዝና 8 ይይዛል፣ የአንዱ ጥይት ግን ለሌላው አይሆንም። ከአባት ሽጉጥ ጋር በጨርቅ የተቋጠረ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥይት አብሮ በሚወረስበት ቤት ደግሞ ይህ ልዩነት የጣትና የዓይን ጉዳይ ነው።

ዘጠኝ የአረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተለይቶ የሚወረወረው ጫፍ፣ ውፍረት ነው፤ ያውም በግምት። የጥይቱ ሙሉ ስም ሁለተኛ ቁጥር አለው፤ እሱም ባሩዱን የሚይዘው የቀለሁ ቁመት ነው። እኛ አገር በብዛት የሚገጥሙት ሦስቱ ዘጠኞች 9 በ17፣ 9 በ18 እና 9 በ19 ናቸው። በአንድ አንድ ሚሊ ብቻ የሚበላለጡ ስለሚመስሉ ሰው ይዘናጋል። የባሰው ልዩነት ያለው ግን ከቁመቱ ይልቅ በውፍረቱ ላይ ነው። የ9 በ19 አረር 9.02 ሚሊ ገደማ ነው፤ የ9 በ17ም እንዲሁ። የማካሮቭ፣ ማለትም የ9 በ18 አረር ግን 9.27 ሚሊ ይደርሳል። ሩብ ሚሊ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ኢምንት ናት፤ በብረት ቱቦ ውስጥ ግን አረሩ ጠመዝማዛውን ቦይ ነክሶ ይሽከረከራል ወይስ ዝም ብሎ እየተንገዳገደ ያልፋል የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

9 በ17ን ጣሊያኖች «ኮርቶ»፣ አጭር፣ ይሉታል። በወረራው ዘመን የገባው ቤሬታ 1934 የሚጎርሰው ይህንን ነው፤ ካዝናው 7 ይይዛል። መታወቂያው ጎኑ ላይ ነው። ካሊበሩ፣ ማለትም የጥይቱ መጠን፣ ተጽፏል፣ ከተሠራበት ዓመት አጠገብም የሮማ ቁጥር አለ፤ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠረው የፋሺስቶቹ ዘመን ነው። ቤሬታ 1935 የሚባለው ታናሹ በሩቁ ከእሱ አይለይም፤ ጥይቱ ግን 7.65 ሲሆን 8 ይጎርሳል። ጽሑፉን ሳያነቡ «የጣሊያን ቤሬታ ነው» ብሎ ጥይት መፈለግ ስለዚህ ግማሽ መረጃ ይዞ መሄድ ነው።

ማካሮቭ በሶቪየት ጦር ሥራ ላይ የዋለው በ1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለእኛ የደርግ ዘመን ሽጉጥ ነው። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። የሶቪየት ጦር ማካሮቭ ላይ ብዙ ጊዜ ካሊበር ተጽፎ አይገኝም፤ የፋብሪካ ምልክት፣ ተራ ቁጥርና ዓመት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሽጉጡን ሳይሆን ጥይቱን ማንበብ ይበጃል። የቀለሁን ቂጥ ስታዩ ከላይ የፋብሪካ ቁጥር፣ ከታች የዓመቱ ሁለት የመጨረሻ አኃዞች ይኖራሉ። 38 ከሆነ ዩሪዩዛን፣ 270 ከሆነ ሉሃንስክ የተሠራ ነው።

ጽሑፉ ካልተነበበ ልኬት ነው መፍትሔው። መርካቶ የሚሸጠው ተራ ዲጂታል ካሊፐር ለዚህ ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የጥይቱን ጠቅላላ ቁመት በመለካት ነው። 9 በ19 ከጫፍ እስከ ቂጥ 29.7 ሚሊ ስለሚደርስ ወዲያው ይለያል። 9 በ17 እና 9 በ18 ግን ሁለቱም 25 ሚሊ ገደማ ናቸው፤ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ቢያስተያዩአቸው መንታ ይመስላሉ። ስለዚህ የሚለካው የቂጡ ውፍረት ነው። 9.5 ሚሊ ካለ 9 በ17 ነው፤ 9.95 ካለ 9 በ18 ነው። ከዚያ አረሩን ከቀለሁ አፍ ወጣ ባለበት ቦታ መለካት ጥርጣሬውን ይዘጋዋል። በእኔ እምነት ከአባት በተወረሰ ጥይት ላይ ይህ ሳይደረግ አንዲት ፍሬ እንኳ ካዝና ውስጥ መግባት የለባትም።

ቢሳሳቱስ ምን ይሆናል? 9 በ19 ማካሮቭ ውስጥ ቢገባ ሽጉጡ አይዘጋም፤ ረጅም ነው። ይህ ደግነቱ ነው፤ ምክንያቱም ማካሮቭ በተኩስ ጊዜ መቆለፊያ የለውም። የላይኛው ብረት ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ናቸው ግፊቱን የሚችሉት። በ6.1 ግራም አረርና በሰከንድ 315 ሜትር ፍጥነት የሚሠራ ነገር 9 በ19ን እንዲሸከም ማስገደድ አይቻልም። ስለዚህ አልዘጋ ያለን ሽጉጥ በመዳፍ ገጭቶ ለመዝጋት መሞከር ትልቅ ስሕተት ነው። ያልዘጋው እየነገራችሁ ነው።

በተገላቢጦሹ፣ 9 በ18 በ9 በ19 ሽጉጥ ውስጥ አንዳንዴ ይገባል። ጥይቱ ወደ ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዳይሰምጥ የሚያቆመው የቀለሁ አፍ ነው፤ 1 ሚሊ ሲያጥር ግን ማቆሚያውን አያገኝም፤ የሚይዘው ቀለህ ጎታቹ ጥፍር ብቻ ይሆናል። ወይ መርፌው በደንብ ሳይመታው ይከሽፋል፣ ወይ ይተኮስና ወፍራሙ አረር በጠበበው ቱቦ ሲጨመቅ ቀለሁ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። 9 በ17 ማካሮቭ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይተኮሳል፤ ሰው «ይሠራል!» የሚለው ለዚህ ነው። አረሩ ግን ቦዩን አይነክስም፤ 10 ሜትር ላይ ያለ ወረቀት በጎኑ መትቶ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ቀዳዳ ይተዋል። ወረቀታችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካያችሁ ጥይታችሁን እንደገና ለኩ።

አራተኛም ዘጠኝ አለ፤ ዘጠኝ መባል ባይገባውም። ለድምፅ ብቻ የሚሠሩት የቱርክ ሽጉጦች «9 ሚሊ ፒ.ኤ.ኬ» የሚል ጽሑፍ አላቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ዛማክ ከሚባል የዚንክ ቅይጥ ሲሆን የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችሉም። «ተሻሽሏል» ተብሎ የሚቀርብ እንዲህ ያለ ሽጉጥ በተኳሹ ፊት የሚፈነዳ ብረት ነው፤ በሕግም ፈቃድ የሚወጣለት ነገር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው ሰው ግን ወረቀቱ ላይ «9 ሚሊ» ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ቁጥር ቢሰፍርለት ኋላ ወራሹን ከብዙ ጣጣ ያድነዋል።

ስለ ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ፣ ስለ ቶካሬቭ ባጭሩ። 7.62 በ25 ነው፤ 5.5 ግራም አረር በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል። የድሮው ማውዘር 7.63 ጥይት በመጠን ስለሚመሳሰለው የቶካሬቭ ጥይት በማውዘር ሽጉጥ ውስጥ ይገባል፣ ግን ግፊቱ ይበዛበታል፤ አይተኮስበትም። ሌላው የቶካሬቭ ጉዳይ በጣት የሚሠራ መጠበቂያ የሌለው መሆኑ ነው። መዶሻውን ግማሽ ላይ የሚያቆም ጥርስ አለው፤ ያ ጥርስ በዕድሜ ይበላል። አቀባብሎ፣ መዶሻውን ግማሽ ላይ ትቶ ወገብ ላይ መሻጥ «ባረቀበት» ለሚባለው ዜና ዋናው በር ነው። ማካሮቭ መጠበቂያ አለው፤ ወደ ላይ ሲገፋ ይዘጋል፣ መዶሻውንም ያለ ተኩስ ያወርዳል፤ ወደ ታች ሲሆን ቀይ ነጥብ ይታያል፤ ይህ ለተኩስ ዝግጁ ነው። በቤሬታ 92 የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አቅጣጫው የተገለበጠ ነውና። የማካሮቭ መርፌ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ ስለሌለው፣ መጠበቂያው ክፍት ሆኖ ጥይት ጎርሶ በአፈሙዙ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ሊባርቅ ይችላል።

«ስንት ጎራሽ» ወደሚለው ልመለስ። «14 ጎራሽ» የሚባለው ብራውኒንግ ካዝናው 13 ነው፤ 14 የሚሆነው አንዷ አስቀድማ ከገባች ነው። ያቺ አንዷ ናት ሰው የምትረሳው። ካዝና ሲወጣ ሽጉጡ ባዶ የሆነ ይመስላል። ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፦ መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ በዓይን ማየት፣ ጨለማ ከሆነ ትንሿን ጣት አስገብቶ መዳሰስ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ስቦ አስወጥቶ ካዝናውን በኋላ ያወጣ ሰው አዲስ ጥይት አጉርሷል። አፈሙዙ የሚዞርበት ግድግዳም ይታሰብ፤ የኮንዶሚኒየም አግሮስቶን ጥይት አያቆምም፣ ባዶ ሆዱ ብሎኬትም አይታመንም።

አስቀድማ ስለምትገባው ስለዚያችው ጥይት አንድ ነገር ልጨምር። ማታ አውጥቶ ጠዋት እያጎረሰ የሚውል ሰው ሁልጊዜ አንዷኑ ፍሬ ይመላልሳታል። በየጉርሻው አፍንጫዋ መወጣጫው ላይ ስለሚመታ አረሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል። የባሩዱ ቦታ ጠበበ ማለት ግፊቱ ጨመረ ማለት ነው። ከጎረቤቶቿ ጋር አቁማችሁ ስታዩአት አጥራ ከተገኘች ከአገልግሎት ትውጣ። አረንጓዴ ዝገት የያዘች፣ አረሯ በጣት የሚዞር ወይም ቂጧ የተጎዳም እንዲሁ። ስትከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ 30 ሰከንድ መጠበቅ ነው። ድምፁ «ጧ» ሳይሆን «እፍ» ካለ ደግሞ አረሩ ቱቦው ውስጥ ቆሞ ይሆናል፤ ሁለተኛ ምላጭ አይሳብም፤ ተፈቶ በቱቦው ብርሃን መታየት አለበት።

ጥይት የሚነክስ፣ ማለትም የሚቀረቀር ሽጉጥ ሲገጥም ሰው ወዲያው ሞላ ይለውጣል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካዝናውን ነው። ከንፈሮቹ ተከፍተው ወይም ተጣመው ከሆነ ጥይቷ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ወይም ደፍታ ትቀርባለች። ካዝናዎቹን በቁጥር ምልክት አድርጉባቸው፤ ንክሻው ሁልጊዜ በቁጥር 2 ከሆነ ጥፋተኛው ታውቋል። ባዶ ቀለህ መውጫው ላይ ቆሞ ከተቀረቀረ ደግሞ የተኳሹ የላላ የእጅ አንጓ ወይም በጥቀርሻ የተዘጋ ጎታች ጥፍር ነው።

ከዒላማ የመራቅን ምክንያት ጥይቱ ላይ ማላከክም የተለመደ ነው። የማካሮቭ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ ርቀት 130 ሚሊ ነው። የፊተኛዋ በ1 ሚሊ ብቻ ብትዛነፍ በ25 ሜትር ላይ 19 ሳንቲ ሜትር፣ በ10 ሜትር ላይ 7.7 ሳንቲ ሜትር ትስታላችሁ። ምላጭ ሲሳብ እጅ የሚደነግጥ ቀኝ እጀኛ ወደ ታች ግራ ይመታል። መድኃኒቱ ባዶ የልምምድ ጥይት በካዝናው መሃል ቀላቅሎ፣ በሌላ ሰው ማስሞላት ነው፤ ባዶዋ ስትደርስ አፈሙዙ ሲነቃነቅ ድንጋጤው በግልጽ ይታያል።

አሁን ጽዳት። የድሮ የሶቪየት ጥይት ማቀጣጠያው ፖታሲየም ክሎሬት ያለበት ከሆነ ተኩሱ ቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በሐምሌ የአዲስ አበባ አየር አንድ ሌሊት ለዝገት በቂው ነው። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ዘይት የተቀባ ጨው ከሥር ሲበላ ይከርማል። ጨውን የሚያነሣው ውኃ ነው። ሽጉጡን ፈትቶ፣ ትንሽ ሳሙና ባለበት ፈላ ባለ ውኃ ቱቦውን፣ መጉረሻውንና የመርፌውን ፊት ማጠብ፣ በንጹሕ ፈላ ውኃ ማለቅለቅ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃችን 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ እንደ ቆላ ፈጥኖ ተንኖ አያደርቅም፤ ስለዚህ በጨርቅ ደጋግሞ መወልወልና ለ15 ደቂቃ ፀሐይ ወይም ሞቅ ያለ ቦታ ማቆየት ያስፈልጋል። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ስስ ሆኖ፤ የመርፌው ቀዳዳ ውስጥ የገባ ብዙ ዘይት ጥቀርሻ ይዞ መርፌውን ያደነዝዘዋል። በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ቢያሳልፉና ቡናማ ቢያወጣ ከመጀመሪያው ይደገማል።

ማካሮቭን ለመፍታት ባዶነቱ ከታየ በኋላ የምላጩ ቀለበት ወደ ታች ተስቦ ወደ ጎን ይደገፋል፤ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጅራቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይወጣል። ሲገጠም የሞላው ሁለት ጫፎች እኩል አይደሉም። ጠበብ ያለው ጫፍ ቀድሞ ቱቦው ላይ ገብቶ ወደ መጉረሻው በኩል ይቀመጣል። በተቃራኒው ከገባ ሞላው ቱቦው ላይ ይንሸራተታል፤ ብረቱም ሲሳብ ይሻክራል።