ስሎት ጌም ስሠራ የገባኝ ነገር፦ ደወሉ የሚጮኸው ስትከስር ነው

ላስ ቬጋስ የሚኖር አበሻ ስለ ስሎት፣ ማለትም ብር አስይዘህ ሥዕል ያለባቸውን ጎማዎች ስለምታዞርበት የቁማር ማሽን፣ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ወይ ራሱ ካዚኖ ይሠራል፣ ወይ ታክሲው ውስጥ ያሳፈረው ሰው «ዛሬ ተበላሁ» እያለ ሲያማርርበት ነው ያመሸው። እኔ አልጫወትም። ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልወቅ ብዬ ከአራት ወር በፊት በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) አንድ ትንሽ ስሎት ጌም ጀመርኩ። ብር የለበትም፣ በነጥብ ብቻ ነው። የፈለግኩት ተጫዋቹን እያየ ራሱን የሚያስተካክል፣ ቶሎ የማይሰለች ጌም ነበር። ቪዲዮ ጌም ላይ ተጫዋቹ ሲቸገር ጠላት ቀነስ፣ ሲጎብዝ ጨመር ይደረግ የለ? እንደዚያ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ላስቀድም። ቻርለስ ፌይ የሚባል ጀርመን የተወለደ መካኒክ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሠራው ማሽን ሦስት ጎማ ነበረው። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 10 ማቆሚያ፣ ማለትም ጎማው ሊቆምበት የሚችል ቦታ፣ አለ፤ ሦስቱ ሲባዙ 1000 ውጤት ይሆናሉ። አለቀ። ዛሬ ግን የምታየው ጎማ ጌጥ ነው። ቁልፉን ስትጫን ኮምፒውተሩ ቁጥሩን አውጥቶ ጨርሷል፤ ጎማው የሚዞረው የተወሰነውን ሊያሳይህ ነው። ኢንጌ ቴልናስ የሚባል ሰው በዚህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1984 ፓተንት አግኝቶበታል።

የኔም ሦስት ጎማዎች እያንዳንዳቸው 20 ማቆሚያ አላቸው፦ 1 ጀበና፣ 3 ሲኒ፣ 6 ሎሚ፣ የቀረው 10 ባዶ። ሦስት ጀበና 1000 ነጥብ፣ ሦስት ሲኒ 60፣ ሦስት ሎሚ 15 ይከፍላል። በአንድ ዙር 1 ነጥብ ይያዛል። ሁሉንም ስደምር ከ8000 (20×20×20) ውጤት የሚመለሰው 5860 ነጥብ ብቻ ሆነ። 73 በመቶ ነው። ኔቫዳ ውስጥ ከ75 በመቶ በታች የሚመልስ ማሽን አይፈቀድም፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ልጄ ሳይወለድ ሕገ ወጥ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ከ8000ው የሚከፍሉት 244ቱ ብቻ መሆናቸው ነው። በአማካይ በ33 ዙር አንዴ። ማታ ማታ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ አምስት ደቂቃ ሞከረና «ይሄማ ግብር ነው» ብሎ ላፕቶፑን ወደኔ ገፋው።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ጎማውን ሳልነካ ክፍያውን ቀየርኩ። ሲኒን ወደ 50፣ ሎሚን ወደ 10 አወረድኩና ሁለት ሎሚ ብቻ ቢመጣም 2 ነጥብ እንዲከፍል አደረግኩ። ተመላሹ 94 በመቶ ደረሰ። በየአራት በየአምስት ዙሩ የሆነ ነገር ይገኛል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከዚህ 94 ውስጥ 12.5ቱን የያዘችው ጀበናዋ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ከ8000 አንዴ ነው የምትወጣው። እሷን ሳያገኝ የሚነሳ ሰው የተጫወተው 82 በመቶ ገደማ በሚመልስ ማሽን ነው። ወረቀት ላይ ያለው ቁጥርና ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሳይገናኙ ይለያያሉ።

ሦስተኛው ላይ ነው ጉድ የፈላው። ፕሮግራሙ ተጫዋቹ 12 ዙር በተከታታይ ከተበላ ሎሚ የበዛበት ጎማ እንዲያመጣለት ጻፍኩ። ሰውየው ሲቀናው ደግሞ ሎሚው ይቀነሳል፣ አለበለዚያ ሒሳቡ አይዘጋም። በጣም ኮራሁ። ማሽን ሲጠግን ዕድሜውን የፈጀ አንድ ጋሼ የምለው ሰው አለ፤ ቤቱ ሄጄ አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ኮዱን ሳይሆን እኔን አየኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን እዚህ አገር አታወጣውም» አለኝ።

ለካ የኔቫዳ ደንብ በግልጽ ይከለክለዋል። ማሽኑ ምን ያህል እንደበላ ራሱ አስልቶ የክፍያ ሰንጠረዡንም ሆነ ሌላ አሠራሩን መቀየር አይችልም። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን አያውቅም። ጋሼ የሳቀብኝ ግን በሌላ ነው። ቁማርተኛ ሁሉ «ይሄ ማሽን ብዙ በልቷል፣ አሁን ሊተፋ ነው» ብሎ ያምናል። እሱ ይህ ውሸት መሆኑን ለሰው ሲያስረዳ ነው የኖረው። እኔ ቁጭ ብዬ ያንን ውሸት እውነት የሚያደርግ ማሽን ሠራሁ! በኔ ጌም ብልጥ የሆነ ሰው ሌላው 11 ዙር እስኪበላ ቆሞ ጠብቆ ወንበሩን መቀማት ይችላል። በነገራችን ላይ እንግሊዝ ውስጥ መጠጥ ቤት ከሚቀመጡ ማሽኖች መካከል ያለፈውን እያዩ የሚያስተካክሉ አሉ፤ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ግን ማሽኑ ላይ ይህ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ ዕድሉን ትቼ ሌላውን ሁሉ ነካሁ። አምስት መስመር ጨመርኩ፤ በአንድ ዙር 5 ነጥብ ይያዛል። ለቀላልነት እያንዳንዱ መስመር የራሱን ዕጣ ያወጣል። ተጫዋቹ ጣቱ ሲዘገይ፣ ማለትም ሲሰለች፣ ደወሉና ሙዚቃው ይደምቃል። ጓደኛዬ እሑድ ቡና ሊጠጣ መጣና አቀረብኩለት። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳለት «ቆይ፣ ቆይ» እያለ በግራ እጁ ሲኒውን ወደ ጎን አደረገው። በቀኝ እጁ ይጫናል። ቡናው ቀዘቀዘ።

420 ዙር ላይ አስቆምኩትና ነጥቡን በእጄ ሸፍኜ «እንዴት ነህ፣ አትርፈሃል?» አልኩት።

«ትንሽ ከፍ ብያለሁ መሰለኝ።»

በ1000 ነው የጀመረው። እጄን ሳነሳ 615 ይላል።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከ100 ዙር ውስጥ 71ዱ ላይ የሆነ ነገር ይመለስና ደወል ይጮሃል። ከ71ዱ ግን 52ቱ ላይ ተጫዋቹ 5 አስይዞ የተመለሰለት 2 ወይም 4 ነው። ተበልቷል፣ ደወል ግን ይደወልለታል። እውነተኛው ማትረፍ 19ኙ ላይ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ስለ ጎማና ስለ ዕድል የለፋሁበት ኮድ ሳይሆን፣ ሁለት መስመር የምትሆን የድምፅ ኮድ ናት ሰውየውን ወንበር ላይ የሰፋችው። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ነገሩን ድሮ ያውቁታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በኦንላይን ስሎት ላይ ካስያዝከው በታች ሲመለስ እንደ ድል መደወልን ከልክላለች። በራሱ የሚዞርበትን ቁልፍም አስነስታለች፣ አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ እንዳያንስም አድርጋለች።

አንዲት ሁኔታ ጨመርኩ፦ የተመለሰው ካስያዘው ካልበለጠ ዝም በል። ሒሳቡ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው። ጓደኛዬ በሚቀጥለው እሑድ አሥር ደቂቃ ተጫወተና ተነሳ።

«ምን ነካህበት? ተበላሽቷል እኮ» አለኝ።

አሁን አምስተኛው ላይ ነኝ። ማስተካከሉን ገልብጬ እየሞከርኩ ነው። ሰው ሲበላ ጣቱ ይፈጥናል፣ ይህ ከጓደኛዬ መዝገብ ላይ በደንብ ይታያል። ስለዚህ ጣቱ በፈጠነ ቁጥር ጌሙ እንዲዘገይና ስንት ዙር እንደተጫወተ፣ ስንት እንደቀረው በትልቁ እንዲያሳይ ጽፌያለሁ። መዘግየቱ ከ4 ሰከንድ ሲያልፍ እኔንም ያናድደኛል፤ ልኩን ገና አላገኘሁትም። ጓደኛዬ ሐሙስ ሥራ የለውም። ቡናውን ግን መጀመሪያ አጠጥቼው ነው የማስቀምጠው።