ከስልጠናው መልስ ሳስበው የሰነበትኩት

ከሰሞኑ ስልጠና ከተመለስን ጀምሮ እኛ የምንሰለጥንበት መንገድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈው። እኔ የሰብል ዲኤ (የልማት ሠራተኛ፣ ገበሬውን የምታማክር የግብርና ባለሙያ) ነኝ፣ አዊ ዞን ደጋው ላይ። በአንድ ቀበሌ ሦስት ዲኤ ነው የሚመደበው፣ አንዱ ለሰብል አንዱ ለእንስሳት አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት፣ ሦስታችንም ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥተን በቀጥታ ገበሬ መሀል የገባን ነን። አፈር ተምረናል፣ ዘር ተምረናል፣ ተባይ ተምረናል። ሰው ማስተማርን ግን፣ ያውም አባትሽ የሚሆን ሰው ፊት ቆሞ ማስተማርን፣ ሥራው ላይ ነው የምትለምጂው።

የአሁኑ ስልጠና ስለ አሲዳማ አፈር ነበር። ጉዳዩ ትልቅ ነው፣ በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፣ የኛ አካባቢ ደግሞ ዝናቡ አፈሩን ሲያጥበው ስለኖረ ከባሰባቸው ውስጥ ነው። ፒኤቹ (የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ሥሩን ይጎዳዋል፣ ፎስፈረሱም አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፣ ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ገብቶ ሰብሉ ግን እንደቀጨጨ ነው። መፍትሔው ኖራ ነው፣ ከዘር ወር ያህል ቀደም ብሎ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማረስ። ይሄን ሁሉ አዳራሽ ቁጭ ብለን በፕሮጀክተር አየን፣ ጥሩ ትምህርት ነው፣ ደብተሬ ላይ አለ።

እኔን የሚጠይቁኝ ጥያቄ ግን እዚያ አልነበረም። አንድ አባት ባለፈው "ልጄ፣ ኖራው ለሄክታር ይሄን ያህል ኩንታል ከፈለገ ከመንገዱ እስከ ማሳዬ ማን ይሸከመዋል? አህያዬ አንድ ናት" አሉኝ። ሌላው ደግሞ ውጤቱን ዘንድሮ ካላየሁ ለከርሞ አልደግመውም ይላል። የኬሚስትሪ ጥያቄ አይደለም ይሄ። የጉልበት፣ የገንዘብ፣ የመተማመን ጥያቄ ነው፣ እና እኛ የምንሰለጥነው ይሄን አብሮ ቁጭ ብሎ መፍታት ቢሆን እላለሁ። በመጨረሻው ቀን አንዱ አሰልጣኝ ማሳ ላይ ይዞን ወጥቶ ጉድጓድ አስቆፍሮ የሰብሉን ሥር አሳየን፣ ከዛ ባለማሳውን "እስቲ አንተ ንገራቸው" ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉ ስልጠና እኔ ውስጥ የቀረው እሱ ሰዓት ነው።

ገበሬ የሚያስተምረው ነገር እንዳለው ለማወቅ እኮ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ዞናችን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንሱን (ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ ነው) ተመልከቱ። የደከመ መሬት ላይ ችግኙን ተክሎ በመጀመሪያው ዓመት መሀሉ ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራት አምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል፣ ከዛ መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። ይሄን አሠራር ያሰፋው ገበሬው ራሱ ነው፣ ተመራማሪዎች በኋላ መጥተው አጠኑት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በሽታ ገብቶ ዛፉን እያደረቀው ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ሰብል እየተመለሰ ነው፣ የኖራው ጥያቄ አሁን የበረታውም ለዚህ ይመስለኛል።

ደስ የሚለኝ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው ሥራ ላይ ላሉ የኤክስቴንሽን ሰዎች (እንደኛ ገበሬ ለሚያማክሩ) የተዘጋጀው የዲግሪ ፕሮግራም ነው። ተማሪው ክፍል ውስጥ ብቻ ተምሮ አይመረቅም፣ ወደ ሚሠራበት ቦታ ይመለሳል፣ ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ አንድ ችግር ይመርጣል፣ ወራት ሙሉ ይሠራበታል፣ መምህራኑም እዚያው ድረስ ሄደው ያዩታል። በዚህ መንገድ ያለፈ አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ፣ ስብሰባ ላይ ከሱ ይልቅ ገበሬው ነው ብዙ የሚያወራው። ለሁላችንም ዲግሪ ይሰጠን እያልኩ አይደለም፣ የአሠራሩ ዓይነት ግን ወደ አጫጭር ስልጠናዎቹም ቢመጣ፣ አንድ ወቅት ሙሉ አንድ ማሳ ላይ የምንከታተለው ነገር ቢኖረን።

ደግሞ ሴቶቹ። ኤፍቲሲ (የቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል) ላይ ስብሰባ ስንጠራ የሚመጣው ወንዱ ነው፣ ሴቷ በዚያ ሰዓት ውሃ ላይ ናት ወይ ምጣድ ላይ ናት፣ ከዛ ሪፖርቱ ላይ "የሴቶች ተሳትፎ አነስተኛ" ብለን እንጽፋለን። እርፍ አትጨብጥም እንጂ ዘር የምትመርጠው፣ የምታርመው፣ ጎተራውን የምትጠብቀው እሷ ናት። እኔ ሴት በመሆኔ ቤት ገብቼ ቡና ላይ መቀመጥ እችላለሁ፣ የወሩ ማርያም ቀን ማኅበር ሲጠጡም ይጠሩኛል፣ በበዓል ስለማይታረስ ሁሉም ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው፣ በእንደዚህ ዓይነት ቀን ስለ ጎተራ ነቀዝ ያወራነው ከስንት የኤፍቲሲ ስብሰባ ይበልጣል። አንድ እናትማ የልጃቸውን ስልክ ይዘው 8028 ደውለው የሰሙትን ለኔ ነገሩኝ (በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ነፃው የግብርና መስመር ማለቴ ነው)፣ ከዛ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብለው አፋጠጡኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የኛም እውቀት ማደግ አለበት በቃ።

ለሱፐርቫይዘሬ ሐሳብ ጽፌ አስገብቻለሁ፣ የሚቀጥለው የኖራ ሠርቶ ማሳያ ኤፍቲሲው ግቢ ሳይሆን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ማሳ ላይ እንዲሆን፣ ግማሹ ኖራ ገብቶበት ግማሹ ሳይገባበት፣ ለማጓጓዙ ደግሞ ጎረቤቶቿ በደቦ እንዲያግዙ፣ እሷም ሰኔ ላይ ለሌሎቹ ራሷ እንድታስረዳ። ጠይቄያት እሺ ብላለች። እንዲህ የሞከራችሁ ዲኤዎች ካላችሁ ኖራውን በምን እንዳጓጓዛችሁት ብትጽፉልኝ፣ እኛ ጋ መንገዱ ክረምት ሳይገባ ነው ማለቅ ያለበት።