መረብ መቁረጫውና የጦር ሰፈሩ፦ አይስላንድ እንግሊዝን የረታችበት መንገድ

አይስላንድ ጦር ሠራዊት የላትም። እ.ኤ.አ. በ1949 ኔቶን ከመሠረቱት 12 አገሮች አንዷ ስትሆን አልነበራትም፣ ዛሬም የላትም። እንዲያም ሆኖ ከ1958 እስከ 1976 ድረስ ከዚያው ማኅበር አባል ከእንግሊዝ ጋር ሦስት ጊዜ ባሕር ላይ ተፋጥጣ ሦስቱንም ጊዜ የፈለገችውን ይዛ ወጥታለች። የኮድ ጦርነቶች ይባላሉ፤ ኮድ የጠቡ መነሻ የሆነው ዓሣ ነው። ወዳጅ አገሮች በቀረጥ ወይም በድንበር ሲናቆሩ በተሰማ ቁጥር ይህ ታሪክ ይነሣል፤ ነገር ግን "ትንሿ ትልቋን አሸነፈች" ተብሎ ይታለፋል። እንዴት አሸነፈች? መልሱ ግጭቱ በነበረበት ባሕር ላይ ብቻ ከተፈለገ አይገኝም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠቡ ስለ መስመር ነበር። ዴንማርክ አይስላንድን ስታስተዳድር በ1901 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋለችው መሠረት የአይስላንድ የዓሣ ማጥመጃ ክልል ከባሕሩ ዳርቻ 3 የባሕር ማይል ብቻ ነበር። የውሉ ዕድሜ 50 ዓመት ነበርና አይስላንድ ነጻ ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላ አታድሰውም ብላ አስታወቀች፤ በ1951 አበቃ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በኖርዌይና በእንግሊዝ ክርክር ለኖርዌይ ፈረደ፦ ክልሉ የባሕሩን ዳርቻ ጥምዝ ሁሉ ተከትሎ መለካት የለበትም፣ ከአንዱ የየብስ ጫፍ ወደ ሌላው በተሰመረ ቀጥታ መስመር ሊነሣ ይችላል። አይስላንድ ጊዜ አላጠፋችም። በ1952 ክልሏን 4 ማይል አደረገች፣ መነሻውንም በዚሁ ቀጥታ መስመር ለካችው። ቁጥሩ በ1 ማይል ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ ትልልቆቹ የባሕር ወሽመጦች በሙሉ ወደ ውስጥ መግባታቸው ነው ነገሩን ያከረረው።

የመጀመሪያውን ዱላ ያነሣው የእንግሊዝ ወገን ሲሆን ዱላውም የንግድ ነበር። በእንግሊዝ የሀልና የግሪምዝቢ ወደቦች የዓሣ ማራገፊያውን ዕቃ የያዙት የመርከብ ባለቤቶቹ ራሳቸው ስለነበሩ የአይስላንድ መርከቦች እንዳይጠቀሙበት ከለከሉ። መንግሥት በአዋጅ ያወጣው እገዳ አልነበረም፤ ለአይስላንድ ትኩስ ዓሣ ዋናው ገበያ ግን ተዘጋ። እገዳ የሚጎዳው ሻጩ ሌላ ገዢ ሲያጣ ነው። በ1953 ሶቪየት ኅብረት ብቅ ብላ ዓሣውን ወሰደች፣ በምትኩም ነዳጅ ሰጠች። ጥቂት ቆይቶ ከአይስላንድ ትልልቅ የንግድ ሸሪኮች አንዷ ሞስኮ ሆነች፤ ያኔ ዋሺንግተን ደነገጠች። እገዳው በ1956 ሲነሣ አይስላንዶች የቀዘቀዘ ዓሣ የሚሸጡበትን ሌላ ገበያ ዘርግተው ነበር፣ 4 ማይሉም ባለበት ቀረ። ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ እዚህ ላይ በትንሹ ታይቷል፦ እንግሊዝ ስትጫን፣ አሜሪካ ስትጨነቅ፣ አይስላንድ የአሜሪካንን ጭንቀት ስትጠቀምበት።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1958 ክልሉ 12 ማይል ሆነ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአገሩን ትሮለሮች፣ ማለትም መረብ ከኋላቸው የሚጎትቱትን የዓሣ መርከቦች፣ ሊጠብቅ መጣ። ይሁንና የጦር መርከብ በየአቅጣጫው የተበተነ ትሮለር መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ካርታ ላይ ሣጥን ተሠመረና ትሮለሮቹ እዚያ ውስጥ ብቻ እንዲያጠምዱ ታዘዙ። ዓሣ ደግሞ ሣጥን አያውቅም። ካፒቴኖቹ ዓሣ የሌለበት ቦታ በጥበቃ ሥር ሲመላለሱ ከረሙ። በ1961 እንግሊዝ 12 ማይሉን ተቀበለች፤ በለውጡ የሦስት ዓመት መሸጋገሪያና አንድ አንቀጽ አገኘች፦ አይስላንድ ወደፊት ክልሏን ብታሰፋ ከስድስት ወር በፊት ታሳውቃለች፣ ክርክር ቢነሣ ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሎንዶን ይህን አንቀጽ ትልቅ ድል አድርጋ ወሰደችው።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1972 ክልሉ 50 ማይል ሲሆን አይስላንዶች አዲስ መሣሪያ አወጡ፤ መረብ መቁረጫ። ሲያዩት አራት ክንድ ያለው ትንሽ መልሕቅ ነው የሚመስለው፣ በክንዶቹ መካከል ግን ስለት አለው። የጥበቃው መርከብ ከኋላው በብረት ገመድ ይጎትተዋል። አሠራሩን ለመረዳት ትሮለሩ መረቡን እንዴት እንደሚጎትት ማወቅ ያስፈልጋል። መረቡ የተንጠለጠለው በሁለት ወፍራም የብረት ገመዶች ነው። በየገመዱ ጫፍ በር የሚያህል ከባድ ሳንቃ አለ፤ ውኃው ሁለቱን ሳንቃዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፋቸው የመረቡ አፍ ይከፈታል። ገመዱ የሚለቀቀው የባሕሩን ጥልቀት ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ 100 ሜትር ጥልቀት ላይ 300 ሜትር ገመድ ማለት ነው። ስለዚህ ከትሮለሩ ጀርባ ተነሥቶ በጥልቁ እየተዳፋ ይወርዳል።

የጥበቃው መርከብ ይህንን ተዳፋት ከኋላ አቋርጦ ያልፋል። ከትሮለሩ በጣም ከራቀ ገመዶቹ ከመቁረጫው በታች ወርደዋል፣ ሳይነካቸው ያልፋል። በጣም ከቀረበ መጋጨት አለ። ፍጥነት ካበዛ የሚጎትተው መቁረጫ በውኃው ግፊት ወደ ላይ ይነሣበታል፤ ካዘገመ ደግሞ ሌላ መርከብ መሐል ይገባበታል። ሁሉም ከሰመረ መቁረጫው ገመዱን ይይዛል፣ ገመዱ በክንዶቹ ላይ ተንሸራቶ ስለቱ ውስጥ ይገባል፣ በውጥረቱ ኃይል ይበጠሳል። አንዱ ገመድ ብቻ ከተቆረጠ የዚያኛው ወገን ሳንቃ መግፋቱን ያቆማል፣ የመረቡ አፍ ይዘጋል፣ ሠራተኞቹም የቀረውን በአንድ ገመድ እየጎተቱ ለማውጣት ይታገላሉ። ሁለቱም ከተቆረጡ መረቡ፣ ሳንቃዎቹና ዓሣው ባሕር ወለል ላይ ይቀራሉ። ከውጥረት የተለቀቀ የብረት ገመድ ወደ መርከቡ ተመልሶ ሲገረፍ ሰው ሊገድል ይችላል፤ "ማንንም የማይጎዳ መሣሪያ" የሚሉት ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

የመሣሪያው ብልህነት ሌላ ነው። መድፍ ቢተኮስ ኖሮ እንግሊዝ በመድፍ የምትመልስበት ምክንያት ታገኝ ነበር። መረብ ሲቆረጥ ግን ኪሳራው የባለቤቱ ነው፣ ሰው አልሞተም፣ መርከብ አልሰጠመም፤ ዓሣ ለመሰሉ ነገር ደግሞ ማንም የኔቶ አባል በኔቶ አባል ላይ ተኮሰ መባልን አይፈልግም። ሜይ 1973 ላይ አይስላንዶች ኤቨርተን በተባለው ትሮለር ላይ ተኩሰው ሲበሱት እንኳ መርከቡ አልሰጠመም፣ የተመለሰ ተኩስም አልነበረም። እንግሊዝ ያላት አማራጭ ፍሪጌት አምጥታ በትሮለሩና በጥበቃው መርከብ መሐል ማስገባት ብቻ ሆነ።

ፍሪጌት ለዚህ ሥራ አልተሠራም። የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ለማሳደድ የተሠራ ረጅም፣ ፈጣን፣ ቆርቆሮው ሳሳ ያለ መርከብ ነው። ትሮለር መረብ ሲጎትት ፍጥነቱ ከ3 እስከ 4 ኖት (በሰዓት ከ3 እስከ 4 የባሕር ማይል) ነው፤ ፍሪጌቱ አጠገቡ እንዲቆይ ሲያዘግም መሪው በደንብ አይታዘዘውም። የአይስላንድ የጥበቃ መርከቦች ግን አጠር ያሉ፣ በጠባብ ቦታ የሚዞሩ፣ በረዶ እንዲቋቋሙ የተጠናከሩ ነበሩ። ስለዚህ ሲጋጩ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ወደ ትልቁ ያደላል፤ በ1976 ያርማውዝ የተባለው ፍሪጌት ባልዱር ከተባለው የአይስላንድ መርከብ ጋር ተጋጭቶ አፍንጫው ተጨራመተ። ባልዱር ከዓሣ ማጥመጃነት የተቀየረ ትሮለር ነበር! ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልሆነም፦ ሜይ 6 ቀን 1976 ፋልማውዝ የተባለው ፍሪጌት ቲር የተባለውን የአይስላንድ የጥበቃ መርከብ ገጭቶ ሊገለብጠው ምንም አልቀረውም።

በሦስተኛው ጊዜ፣ ክልሉ ኦክቶበር 1975 ላይ 200 ማይል ከሆነ በኋላ፣ እንግሊዝ በየተራ 22 ፍሪጌቶች አሰማራች። አይስላንድ አራት የጥበቃ መርከቦችና ሁለት የታጠቁ ትሮለሮች ነበሯት። ቁጥሩ ብቻ ከታየ ጨዋታው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን አይስላንድ ዳርቻ የቆመ እያንዳንዱ ፍሪጌት ሰርጓጅ መርከብ ከማሳደድ ሥራው የጎደለ ፍሪጌት ነው፤ ይህንን ደግሞ ከሎንዶን ይልቅ የኔቶ መቀመጫ ብራስልስና ዋሺንግተን ይቆጥሩታል።

ወደ ጦር ሰፈሩ የሚወስደን ይኸው ነው። የሶቪየት ሰሜናዊ ባሕር ኃይል በሩሲያ ሰሜን ምዕራብ ከሚገኘው ከኮላ ልሳነ ምድር ወጥቶ ወደ አትላንቲክ ለመግባት በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በእንግሊዝ መካከል ያለውን በር ማለፍ ነበረበት። በዚያ በር መሐል ላይ የተቀመጠው ኬፍላቪክ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር፤ አውሮፕላኖቹም ሰርጓጆቹን የሚከታተሉት ከዚያ እየተነሡ ነው። አሜሪካ እዚያ የተቀመጠችው ሜይ 5 ቀን 1951 በተፈረመ ስምምነት ሲሆን አንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፦ ከሁለቱ አንዱ ስምምነቱ ይከለስ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ በስድስት ወር ውስጥ ካልተግባቡ ማንኛውም ወገን የማቋረጫ ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ከማስታወቂያው 12 ወር በኋላ ስምምነቱ ያበቃል። ሲደመር 18 ወር ነው። ፓርላማ ማሳመን ሳያስፈልግ፣ ጥይት ሳይተኮስ፣ በደብዳቤ ብቻ የሚጀምር ሰዓት ነው። አይስላንድ በጁን 1973 ይከለስልኝ ብላ ሰዓቱን አስጀመረችው፤ የኔቶ ዋና ጸሐፊ ዮሴፍ ሉንስ ሽምግልና ላይ ተጠመዱ፤ ኦክቶበር ላይ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወጡ፤ ኖቬምበር ላይ እንግሊዝ በዓመት ከ130,000 ቶን በላይ ላታጠምድ ተስማማች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የዴንማርክ ግዛት የሆነችው የግሪንላንድ ነገር በዴንማርክና በአሜሪካ መካከል ሲነሣ "ዴንማርክም እንደ አይስላንድ ጦር ሰፈሩን መያዣ ታድርገው" የሚል ምክር ይሰማል። ስለ ግሪንላንድ የተደረገው የዴንማርክና የአሜሪካ ስምምነትም የተፈረመው በዚያው በ1951 ነው፣ መውጫው ግን ሌላ ነው፦ ኔቶ የተመሠረተበት የሰሜን አትላንቲክ ውል እስካለ ድረስ ይጸናል ይላል። የ18 ወር ሰዓት የለውም። ምክሩን የሚሰጡ ሰዎች የመጨረሻዎቹን አንቀጾች ቢያነቡ ጥሩ ነበር።

ኔቶ ራሱ ለዚህ ዓይነት ጠብ የሚሆን ነገር አልነበረውም ማለት አይደለም። የውሉ አንቀጽ 2 አባላት በኢኮኖሚ ፖሊሲያቸው መካከል ያለውን ግጭት ለማስወገድ ይጥራሉ ይላል፤ በ1956 ደግሞ ሦስት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ያዘጋጁት ሪፖርት የአባላት ጠብ ወደ ሌላ ከመሄዱ በፊት በኔቶ ውስጥ ይሸምገል ብሎ ነበር። አስገዳጅ ግን የለም። አባልን ማባረሪያ አንቀጽም የለም። ዋና ጸሐፊው ማግባባት እንጂ መፍረድ አይችሉም።

ፍርድ ቤቱስ? በጁላይ 1974 አይስላንድ የ50 ማይሉን ክልል በራሷ ውሳኔ በእንግሊዝ ላይ ልትጭን አትችልም፣ ተደራደሩ ብሎ ወሰነ። አይስላንድ ችሎቱ ላይ አልቀረበችም። በ1961 ሎንዶን ድል ያለችው አንቀጽ ወረቀት ላይ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክልሉ 200 ማይል ሆነ።

በ1975 የነበረው ድርድር የፈረሰው በቁጥር ነው። እንግሊዝ 110,000 ቶን ጠየቀች፣ አይስላንድ 65,000 አቀረበች። አይስላንዶች የራሳቸው የባሕር ምርምር ተቋም ያወጣው ሪፖርት እጃቸው ላይ ነበር፤ ከሁሉም አገር ተደምሮ በ1976 ከ230,000 ቶን በላይ ኮድ መያዝ የለበትም ይላል። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1976 አይስላንድ ከእንግሊዝ ጋር ያላትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠች። ጁን 1 ቀን ኦስሎ ላይ ተፈራረሙ፦ በቀን በአማካይ 24 ትሮለሮች፣ ለስድስት ወር፣ ከዚያ በኋላ ምንም። ለእንግሊዝ የፈረሙት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ክሮስላንድ ሲሆኑ በፓርላማ የሚወክሉት ግሪምዝቢን ነበር። የመራጮቻቸውን እንጀራ በገዛ እጃቸው ፈረሙ።

ንግዱም እዚያው ላይ ተፈታ። አይስላንድ በ1972 ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ጋር የነጻ ንግድ ስምምነት ስትፈርም የዓሣ ቀረጥ የሚቀንሰው ፕሮቶኮል 6 ጠቡ እስኪፈታ ተንጠልጥሎ ነበር። በ1976 ሥራ ላይ ዋለ። ያ መያዣ አራት ዓመት ቆይቶ አይስላንድን አላንበረከካትም፤ ኤክስፖርቷ ከሦስት አራተኛ በላይ ዓሣ የሆነ አገር ቀረጥ ይቀነስልኝ ብላ ዓሣውን ራሱን አትሰጥም።

ከጠቡ በኋላ የታየው ሁሉ ለአሸናፊው የሚያኮራ አይደለም። እንግሊዞቹ ሲወጡ የአይስላንድ የራሷ መርከቦች በዙ፣ የኮዱ ክምችት መሳሳቱን ቀጠለና በ1984 ለእያንዳንዱ መርከብ ኮታ መደልደል ግድ ሆነ። እንግሊዝ በበኩሏ ከጃንዋሪ 1977 ጀምሮ የራሷን 200 ማይል አወጀች፤ 200 ማይሉ በ1982 በተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ውል ውስጥ የሁሉም ሕግ ሆነ። ከሀልና ከግሪምዝቢ ሥራቸውን ያጡት ዓሣ አጥማጆች መንግሥት ካሣ የመደበላቸው በ2000 ነው።

አሜሪካ ኬፍላቪክን በ2006 ለቃ ወጣች። ከዚያ በኋላ በሰሜን አትላንቲክ ማኬሬል በተባለው ዓሣ የተነሣው ጠብ ስለዚህ ሌላ መልክ ነበረው። ማኬሬል ወደ አይስላንድ ውኃ በብዛት መግባት ሲጀምር አይስላንድ ለራሷ ኮታ ቆረጠች፤ በማርች 2014 የአውሮፓ ኅብረት፣ ኖርዌይና የፋሮ ደሴቶች እሷን ትተው እርስ በርሳቸው ተስማሙ። ኮድ በአመዛኙ በአይስላንድ ክልል ውስጥ ስለሚኖር መስመር ማስመሩ ይበቃ ነበር። ማኬሬል ግን በየዓመቱ የብዙ አገሮችን መስመር ያቋርጣል፤ አይስላንድ በ200 ማይሏ ውስጥ የፈለገችውን ያህል ብታጠምድ ጎረቤቶቿም በየክልላቸው ያንኑ ዓሣ እንዳያጠምዱ የምትከለክልበት ገመድ የለም።