ለእንቁጣጣሽ ደረቅ ቅጠል

አዳማ ውስጥ አንድ የመጋረጃና የቤት ማስዋቢያ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ደንበኛ ቤት ሄዶ መለካት፣ ቀለምና ጨርቅ መምረጥ፣ ከዚያ ከልብስ ሰፊውና ከቀለም ቀቢው ጋር መጨቃጨቅ ነው። ነሐሴ ለእኛ የገበያ ወር ናት። ዓመቱን ሙሉ የግድግዳው ስንጥቅ ያልታየው ሰው ሁሉ ፍልሰታ ሲገባ ድንገት ይታየዋል። "ለእንቁጣጣሽ ድረሱልኝ!" ይላል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ የአንዲት ገስት ሃውስ ባለቤት ጠራችን። በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሁድ የሚመጡ እንግዶች አሏት። ሳሎኑንና መቀበያውን ለበዓል ማደስ ፈልጋለች። "እንደ ሰው ሁሉ ቤት እንዳታደርጊብኝ፣ ልጆቹ መጥተው ፎቶ የሚነሱበት ነገር ይሁን" አለችኝ። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ልቤ ይሞቃል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ ትእዛዝ "ቤዥ አድርጊው፣ እንዳይቆሽሽ" የሚል ነዋ።

ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬን ከፈትኩ። ፒንተረስት፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ያልገባሁበት የለም። ወሩ በፈረንጅ ኦገስት መጨረሻ ስለነበር ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው፤ ቡናማ ግድግዳ፣ የዛገ ብረት የሚመስል ብርቱካናማ መጋረጃ፣ ሶፋ ላይ የተጣለ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጠረጴዛው ላይ ዱባ፣ በሩ ላይ በደረቅ ቅጠል የተጎነጎነ ክብ ጌጥ። በጣም ያምራል። ሃምሳ ምናምን ፎቶ አስቀመጥኩ።

አሁን ሳስበው እዚያ አገር እያንዳንዱ ዕቃ ምክንያት አለው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም ማምረት ያቆማል፣ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ያኔ ይወጣል፣ ከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል። ዱባውም የደረሰበት ጊዜ ነው፤ ኦክቶበር 31 ለሃሎዊን ይፈለፈላል፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ በምስጋና በዓላቸው ጣፋጭ አድርገው ይበሉታል። ብርድ ልብሱም ስለሚበርዳቸው ነው። እኔ ምክንያቱን እዚያው ትቼ ዕቃውን ብቻ ይዤ መጣሁ።

የሳሎኑ ትልቅ መስኮት ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። አንድ ቦታ "ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ ስለማያገኝ ቀዝቃዛ ነው፣ በሞቃት ቀለም ይካካስ" የሚል አንብቤ ነበር። ለባለቤቷ ይህንን እንደ ባለሙያ ኮስተር ብዬ ነገርኳት። ምክሩ እውነት ነው፤ ግን ለለንደን ነው። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ በቀትር ፀሐይዋ የምትቆመው ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ደቡብ የምትሄደው። አዳማ ውስጥ "ሰሜን ስለሆነ ይበርዳል" የሚባል ሳሎን እስካሁን አልገጠመኝም። ክረምት ላይ ስለካሁት፣ ደመናው ሸፍኖት ስለነበር፣ ቀዝቃዛ መሰለኝ።

ለመጋረጃው ከፋይ መረጥኩ። 22 ሜትር፣ ወፍራም፣ ከጀርባው ገበር ያለው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ጨርቁን በእጇ ዳሰስ አድርጋ "አይሞቅም ግን?" አለች። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሰው በረንዳ ላይ ልደር በሚልበት ከተማ፣ ጥያቄዋ ትክክል ነበር። እኔ ግን ፈገግ ብዬ "ከባቢ አየሩን ነው የሚፈጥረው" አልኳት። ይህንን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

ጳጉሜ 5 እኩለ ቀን ላይ ጨረስን። አንዱ ግድግዳ ጥቁር ቡኒ፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ሱፉ ሶፋው ላይ ተጥሏል። ደረቁን ቅጠል ራሴ ነኝ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ የሰካሁት። ባለቤቷ በስልኳ ዞር ዞር እያለች ቀረጸች። ደስ ብሏታል። እኔም ደስ ብሎኛል።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ እናቷ ከአሰላ በኩል መጡ። በአንድ እጃቸው ቄጠማ፣ በሌላው አደይ አበባ ይዘዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ምነው ልጄ? ማን ሞተብን?"

"ኧረ ማንም አልሞተም እማዬ፣ ዲኮር ነው።"

እማማ ገቡ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ማሰሮው ሄዱና አንዷን ቅጠል በሁለት ጣት ያዟት። ቫርኒሹ ምንም አልረዳኝም፣ ቅጠሏ እጃቸው ላይ ተፈረፈረች። ፍርፋሪውን አራግፈው ወደ ውጭ ጠቆሙ። በእውነት ውጭው ያስቀና ነበር፤ ክረምቱ ጠግቦ ዘንቦ አጥሩ ሁሉ ለምልሟል። "ደጁ እንዲህ ለምልሞ እናንተ ቤት ብቻ በጋ ገባ?" አሉ።

ባለቤቷ እኔን አየችኝ። እኔ ቅጠሉን አየሁ። አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። የለቅሶ ቤት ነው የሠራሁት።

እንግዶቹ በማግስቱ ጠዋት ነው የሚገቡት። ቀቢያችን ጋ ደወልኩ። "በዚህ ጥቁር ላይ ነጭ? ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት ዙር፣ በዚህ እርጥበት መቼ ደርቆ?" አለና ለዶሮ መግዣ ገበያ ላይ እንዳለ ነግሮኝ ዘጋ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ግድግዳው እንዳለ ቀረ። መጋረጃውን አወረድን። አሮጌዎቹ ነጭ ስስ መጋረጃዎች ታጥበው ለሰው ሊሰጡ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። እንግዳ ተቀባይዋ አወጣችና ተኮሰቻቸው። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ግድግዳውን ያዳኑት እማማ ናቸው። "እዚያ ሳጥን ውስጥ የእኔ ስፌቶች አሉ አይደል?" ብለው ጠየቁ። ነበሩ። ትልልቅ ሰፌድ፣ የሞሰብ ክዳን፣ ነጭና ቢጫ፣ አንዳንዱ ሐምራዊ ያለበት፣ ዓመታት በጨርቅ ተጠቅልለው የኖሩ። በቡናማው ላይ ስንሰቅላቸው ወለል ብለው ታዩ። በነጭ ግድግዳ ላይ ቢሆን እንዲህ ጎልተው አይወጡም ነበር። እንግዲህ እንግዶቹ ፎቶ ሲነሱ የዋሉት እዚያ ፊት ለፊት ነው። ከእኔ ፒንተረስት ውስጥ የተረፈው ግድግዳው ብቻ ነው፣ እሱም ቀቢው ዶሮ ገበያ ስለነበረ።

ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ አደዩ ማሰሮው ውስጥ ገባ። እኔ ሁለት ሰዓት ማታ ላይ 22 ሜትር ከፋይ በባጃጅ ጭኜ ወደ ሱቅ ተመለስኩ።

ጋሼ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ አልጮኹም። ካልኩሌተራቸውን አወጡ። የጨርቁ ግማሽ በየወሩ ከደመወዜ ተቆረጠ። ተቆርጦ የተሰፋ ጨርቅ መልሶ የሚቀበል ነጋዴ የለም።

አሁን ሥራ ስቀበል መጀመሪያ የማየው የውጭውን ነው። ፎቶም የማስቀምጠው የራሳችንን ነው፤ ከከተማው ወጣ ብዬ፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ የቆሙበት ኮረብታ መስከረም ላይ ምን እንደሚመስል፣ ኅዳር ላይ ምን እንደሚመስል። ያ ፈረንጆቹ የሚወዱት ወርቃማና ቡናማ ቀለም እኛም ዘንድ አለ፤ ጤፉ ሲደርስ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። ያኔ ብታደርጉት ማንም ማን ሞተ አይላችሁም። ብቻ በበጋው ወራት ነፋሱ አቧራውን ስለሚያመጣ፣ መሬት የሚጠርግ ረጅም መጋረጃ ያማራት ደንበኛ ስትመጣ ማን እንደሚያጥበው አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ያሳጥራሉ።

ከፋዩ ሱቁ ጥግ አራት ወር ተቀመጠ። ታኅሣሥ ላይ ለሰንበት ተማሪዎች ካባ የሚሰፋ አንድ ሰው መጥቶ በቅናሽ ወሰደው፣ ጋሼም የደመወዜን ቆረጣ አቆሙልኝ። ጥር 11 ታቦት ሲመለስ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ልጆቹ እየዘመሩ መጡ። የዛገ ብረት የሚመስለው ብርቱካናማ፣ ዙሪያውን የወርቅ ጥልፍ ተደርጎለት፣ በፀሐይ ያበራል።

እንግዳ ተቀባይዋ ለካ አጠገቤ ኖራለች። በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ያ መጋረጃ አይደል?"

"ዝም በይ፣ እልል በይ" አልኳት።